ክብደት የሚቀንስ ኦፕራሲዮን የሚሰራ ሰርጀን ጋ ከመሄዳችሁ በፊት

ከገላን፣ ከሰበታም ከቡራዩም ተነስታችሁ አዲስ አበባ ድረስ በታክሲ ተንገላታችሁ ከደረሳችሁ በኋላ «ይሄን አሟልታችሁ ተመለሱ» መባል ያናድዳል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀጠሮ እንዘጋጅ።

መጀመሪያ ተለኩ። ኪሎአችሁን በሜትር ለተለካው ቁመታችሁ ሁለት ጊዜ ስታካፍሉት የሚመጣው ቢኤምአይ ይባላል። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 100 ኪሎ የሆነች ሴት 39 ገደማ ይመጣላታል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ከ35 ጀምሮ ኦፕራሲዮኑን ይመክራል፤ ከ30 እስከ 35 ላለው ደግሞ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ካለበት ይታሰብለታል። ለሰርግ 8 ኪሎ መቀነስ የፈለገ ሰው ቦታው እዚያ አይደለም።

ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የምትወስዱ ከሆነ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምግብ ወዲያው ስለሚቀንስ መጠኑ ካልተስተካከለ ስኳራችሁ በጣም ሊወርድ ይችላል። ለጉልበት ሕመም የምትገዙት ዳይክሎፌናክ በተለይ ከባይፓስ በኋላ ቁስለት ያመጣል። ፕሬድኒሶሎን ራሱ ክብደት ይጨምራል። የባህል መድኃኒትም ከሆነ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ቢቆጣም ተናገሩ።

ቃር ካለባችሁ እንዳትረሱት። ስሊቭ በሚባለው ኦፕራሲዮን ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ቃርን ግን ሊያብስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሰርጀኑ ባይፓስን ሊመርጥ ይችላል። ባለቤታችሁን ይዛችሁ ብትሄዱም ጥሩ ነው፤ ማንኮራፋታችሁንና እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቋረጡን የሚያውቀው አብሯችሁ የሚተኛው ሰው ነው። ይሄ ለማደንዘዣ ባለሙያው ወሳኝ መረጃ ነው።

እኛ አገር ትልቁ ጉዳይ ጾም ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ጨጓራው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጥቂት ማንኪያ በላይ አይችልም። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን በሽሮና በምስር ብቻ የሚያሳልፍ ሰው ያንን መሙላት ይከብደዋል። ቢ12 ደግሞ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው የሚገኘው። ረመዳን ላይ ችግሩ ውሃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እየተባለ እንጂ በአንዴ አይጠጣም። «ጾሜን አላቋርጥም» የምትሉ ከሆነ ለሰርጀኑ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁም ጋር ተማከሩ። ተደብቆ ጾሞ ደም ማነስ ይዞ ከመምጣት ይሻላል።

እናንተም ጠይቁ፤ ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም። ይሄንን ኦፕራሲዮን ስንት ጊዜ ሰርተዋል? የተባለው ዋጋ ምርመራውንና የሥነ ምግብ ባለሙያውን ይጨምራል? ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ስለሆነ በወር ስንት ያስወጣኛል? ልጅ ለመውለድ ያሰባችሁም ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅ እንዳለባችሁ አውቃችሁ ግቡ።

ቱርክ ወይም ህንድ ሄዳችሁ ለመሰራት ያሰባችሁ ደግሞ ከትኬቱ በፊት እዚህ የሚከታተላችሁን ሐኪም ያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ልብ በጣም ቢመታ፣ ትኩሳትና ከባድ የሆድ ሕመም ቢመጣ ስፌቱ አፈትልኮ ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሰርጀን ወዳለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ የኦፕራሲዮኑን ወረቀትም ይዛችሁ።