ቁራጭ ወረቀትን ስለ መመዝገብ

መጽሐፍ ርእሱንና የታተመበትን ዘመን በፊተኛው ገጽ ስለሚናገር መዝጋቢውን አያደክምም። የስብሰባ ጥሪ፤ የግብር ደረሰኝ፤ ከጋዜጣ የተቆረጠ ወሬ ግን ብዙ ጊዜ አገሩንም ዓመቱንም አይገልጥም። በአዲስ አበባ በ1936 ዓመተ ምሕረት በተቋቋመው በወመዘክር ያለ ሠራተኛም ሆነ የትምህርት ቤት ሣጥን ጠባቂ፤ ሁለቱም በዚህ ይቸገራሉ።

ከይፋት ቆላ በመጣ ወረቀት ላይ «ሮቢት» ብቻ ተጽፎ ቢገኝ አይበቃም። በራያ ቆቦም በባሕር ዳር አጠገብም ሮቢት አለና፤ ማኅተሙ ታይቶ «ሸዋ ሮቢት» ተብሎ መጻፍ አለበት። ደግሞ ይህ አገር በቀድሞው አከፋፈል በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፤ ዛሬ በሰሜን ሸዋ ዞን ስለሚቆጠር፤ ካርዱ በሁለቱም ስም ይዘጋጅ። አለዚያ የአባቱን የርስት ግብር ደረሰኝ ሊፈልግ የመጣ ሰው፤ ወረቀቱ በሣጥን ሳለ የለም ተብሎ ይመለሳል።

ዓመቱም ያሳስታል። 1966 የሚል ቁራጭ ከአማርኛ ጋዜጣ ከሆነ የወሎ ረኃብና የአብዮቱ ዘመን ነው፤ ከፈረንጅ ጋዜጣ ከሆነ ግን በእኛ 1958 ወይም 1959 ነው።

እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው መመዝገብ ከንቱ ድካም ነው፤ የአንድ አገርና የአንድ ጉዳይ የሆኑት ባንድ አቃፊ ገብተው በአንድ ካርድ ይጻፉ። በቆላ ምስጥ አለና ሣጥኑ ከመሬትና ከግድግዳ ይራቅ። የዱቄት ሙጫ ተባይ ይጠራል፤ ስፒልም ይዝጋል። የጋዜጣው ስምና ቀን ቁራጩ በተቆረጠበት ሰዓት በኅዳጉ ይጻፍ፤ ይኸውም በእርሳስ ነው፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳልና።