የውኃ ቁጠባና የቆጣሪው ፍትሕ

በጆርጂያ በአትላንታ አጠገብ፣ በዴካልብ አውራጃ ባሉት በስኮትዴልና በአጎራባቿ በክላርክስተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ ውኃ ሁለት ነገር እየደጋገመ ይሰማል፤ ይኸውም አንደኛው ውኃ ቆጥቡ የሚል ምክር ሲሆን ሁለተኛው የውኃ ዋጋ ተጨመረ የሚል ወሬ ነው። ለየብቻቸው ሲያዩዋቸው ሁለቱም አስቸጋሪ አይደሉም፤ ባንድነት ሲቀርቡ ግን ብዙ የቆጠበ ሰው ብዙ እንዲከፍል የተፈረደበት ስለሚመስል አእምሮን ያውካሉ፤ ከዚህም የተነሣ ጉዳዩን በቅን ልቡና መከታተል የጀመረው ሰው ጥቂት ቆይቶ ነገሩ የባለሙያዎች ምሥጢር ነው ብሎ ይተወዋል። እኛ ግን ምሥጢር ሆኖ አላገኘነውም፤ ተሸፍኖ የቀረ ነገር ቢኖርበት አንድ ምክንያት ነው፤ እርሱም ከደመናና ከወንዝ ይልቅ፣ በመሬት ውስጥ ከተቀበረች ወይም በግድግዳ ላይ ከተሰካች ከአንዲት ቆጣሪ ጋራ የተያያዘ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አትላንታ የደረቅ ምድር ከተማ አይደለችም። በዓመት የሚወርድላት ዝናም 1,250 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ከአዲስ አበባው ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ያውም የአዲስ አበባው አብዛኛው በክረምት ወራት ሲወርድ የአትላንታው በዓመቱ ወራት ሁሉ ተከፋፍሎ ይወርዳል። ዳሩ ግን ከተማይቱ የተቆረቆረችው ቻታሁቺ የተባለው ወንዝ ገና ከምንጩ ብዙ ሳይርቅና ገባሮቹን ሳይሰበስብ በሚያልፍበት ስፍራ ነው፤ ከሥሯም ያለው ምድር ውኃ እንደ ልብ የማያቁር ጽኑ ዐለት ስለሆነ፣ በዚሁ ወንዝ ላይ የተገደበው የላኒየር ሐይቅ በጎደለ ጊዜ ፈጥና የምትጠጋበት ሌላ ምንጭ የላትም። በ2007 ድርቅ በጸና ጊዜ በሰሜን ጆርጂያ ከቤት ውጭ ማጠጣት ተከለከለ፤ በኖቬምበር 13 ቀንም አገረ ገዥው ሶኒ ፐርዱ በአትላንታ ካፒቶል ደጃፍ ሕዝብ ሰብስበው ስለ ዝናም ጸለዩ። በቅዳሴያችን ስለ ዝናማትና ስለ ወንዞች መማለድ ሥርዓት ለሆነብን ለእኛ ይህ ምሕላ የሚያስደንቅ አልነበረም፤ የሚያስደንቀው፣ ጆርጂያ ከጎረቤቶቿ ከአላባማና ከፍሎሪዳ ጋራ በዚሁ ውኃ ምክንያት ከ1990 ጀምራ ስትሟገት ኖራ፣ የፍሎሪዳ ክስ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኖ የተዘጋው በ2021 መሆኑ ነው። ዝናሙ ሲበዛም ክርክሩ አልበረደም፤ ስለዚህ የችግሩን ሥር በሰማይ ብቻ መፈለግ አይበቃም።

ከድርቁ ወዲህ የተደረገው ሥራ በእውነት ሊመሰገን ይገባዋል። የ2010 የጆርጂያ የውኃ ጥበቃ ሕግ ሣርና አትክልት የሚጠጣበትን ሰዓት ወሰነ፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማግሥቱ ጧት 4 ሰዓት መሆኑ ነው። በአዲስ ቤት የሚተከለው መጸዳጃም ባንድ ጊዜ ከ4.8 ሊትር በላይ እንዳያፈስ አዘዘ፤ የጥንቱ 13 ሊትርና ከዚያም በላይ ያፈስ ነበር። የዴካልብ አውራጃ ደግሞ ከዚህ ቀደም ብሎ በ2008 ባወጣው ደንብ ከ1993 በፊት በተሠራ ቤት ስሙን ለውኃ የሚያስመዘግብ አዲስ ባለቤት አሮጌውን መጸዳጃና ቧንቧ መለወጡን እንዲያስመሰክር አደረገ፤ በጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች መንደርነት ተጀምራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ለቀሩባት ለስኮትዴል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፍሬውም ታይቷል፤ ከ2000 ወዲህ በአትላንታና በዙሪያዋ የሚኖረው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሲጨምር ከወንዝና ከሐይቅ የሚቀዳው ውኃ ግን በጠቅላላው 10 በመቶ ያህል ቀንሷል። ውኃ መቆጠብ አይቻልም የሚል ሰው ቢኖር ይህ ይበቃዋል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ድካም በቤቱ ባለቤትና በዕቃው ላይ ያተኮረ ስለሆነ፣ ተከራዩን ከሞላ ጎደል ሳይነካው አልፏል። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ፣ ይልቁንም አዲስ የመጡት፣ የሚኖሩት ሕጉ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት በተሠሩ አፓርትመንቶች ነው። የ2010ሩ ሕግ ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ እንዲተከል ያዘዘው ከጁላይ 1 ቀን 2012 ወዲህ ፈቃድ ለሚሰጣቸው ሕንፃዎች ነው እንጂ ለቀደሙት አይደለም። ስለዚህም በአሮጌው ግቢ ለመቶ ቤት አንድ ቆጣሪ ይቆማል፤ የቆጣሪው ሒሳብ ለአከራዩ ይመጣል፤ አከራዩ ወይም በእርሱ ምትክ ሒሳብ የሚያከፋፍል ድርጅት ጠቅላላውን በነዋሪው ቍጥር ወይም በቤቱ ስፋት ደልድሎ ለየተከራዩ ይልካል። ተከራዩ የሚደርሰው ወረቀት የውኃ ቢል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ወረቀት ላይ የሰፈረው ቍጥር የእርሱን እጅ ሥራ አይመሰክርም። በአንድ ገበታ ቀርበው ጥቂት የጎረሰውና እስኪጠግብ የበላው እኩል እንዲከፍሉ ቢደረግ ነገ ማንም እጁን እንደማይሰበስብ ሁሉ፣ በዚህም እንዲሁ ነው።

ሒሳቡን እናስተውለው። መቶ ቤት ባለበት ግቢ አንድ ቤተሰብ ተጨንቆ በወር 1,000 ጋሎን ቢያተርፍ፣ ለእርሱ የሚደርሰው ትርፍ የ10 ጋሎን ዋጋ ብቻ ነው፤ የ990ው ለሌሎች ይበተናል። እንደዚሁም ከጎረቤቱ አንዱ መጸዳጃው እያፈሰሰ ዝም ብሎ ቢተወው፣ አንድ የተበላሸ መጸዳጃ በቀን እስከ 200 ጋሎን ሊያባክን ስለሚችል፣ ጥፋቱ ለመቶው ሁሉ ይከፋፈልና ለአጥፊው እንኳ አይታወቀውም። ይህ በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በ2004 በአሜሪካ በብዙ ከተሞች አፓርትመንቶች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ንዑስ ቆጣሪ የተተከለላቸው ነዋሪዎች የውኃ ፍጆታቸውን ወደ 15 በመቶ ያህል ሲቀንሱ፣ በድልድል የሚከፍሉት ግን ከነጭራሹ የሚቈጠር ቅናሽ እንዳላሳዩ አረጋግጧል። እነዚህም እነዚያም ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ልዩነቱ የቆጠበው ሰው የቁጠባውን ዋጋ በማግኘቱና ባለማግኘቱ ላይ ነው። ስለ ውኃ አጠቃቀም በሚጻፈውና በሚሰበከው ሁሉ ውስጥ ይህ ነገር በግርጌ ማስታወሻ ተወስኖ መቅረቱ እጅግ ያሳዝነናል፤ በእኛ አስተያየት ግን መግቢያ ሊሆን ይገባው ነበር።

ይኸው ነገር በአገራችን ከዚህ በከፋ መልክ አለ። በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶችና ተከፋፍለው የሚከራዩ ግቢዎች ውስጥ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤተሰብ ያገለግላል። የከተማው ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ታሪፍ ደግሞ ጥቂት የተጠቀመ በትንሽ ዋጋ፣ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛ ዋጋ እንዲከፍል ሆኖ በእርከን የተደለደለ ነው፤ አሳቡም ድኻውን ለመርዳት ነው። እንግዲህ አምስት ቤተሰቦች በየወሩ አራት አራት ሜትር ኩብ ቢጠቀሙ ቆጣሪው 20 ሜትር ኩብ ያነባል፤ በደብተሩም ላይ አምስት ቆጣቢ ቤተሰቦች አንድ አባካኝ ሰው ሆነው ይመዘገባሉ፤ ለብቻው ግቢና ለብቻው ቆጣሪ ያለው ባለጸጋ ግን በዝቅተኛው እርከን ሊከፍል ይችላል። ለድኻ የታሰበው ምሕረት በዚህ መንገድ ለባለጸጋ ሲሰጥ፣ ሕጉ በክፋት ተጻፈ አንልም፤ ነገር ግን የሚለካው ቤተሰቡ ሳይሆን ቧንቧው ስለሆነ ፍርዱ ተገለበጠ። በዚህ ላይ ከለገዳዲና ከገፈርሳ፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ከሚመረተው ውኃ ከሲሶ የማያንሰው በመንገድ ላይ በመፍሰስና ያለ ሒሳብ በመወሰድ እንደሚጠፋ ሲታወቅ፣ ፈረቃውን በጄሪካንና በሮቶ የሚጠብቀውን ሕዝብ ውኃ አታባክን ብሎ መገሠጽ እንዴት ያለ ድፍረት እንደሆነ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ቆጣሪ ግን ስለተተከለ ብቻ አይታመንም። በዴካልብ ቆጣሪ ያላቸው ባለቤቶች ሳይቀሩ ከተጠቀሙት ጋራ የማይመጣጠን ሒሳብ እየደረሳቸው ለብዙ ጊዜ ሲያመለክቱ ከኖሩ በኋላ፣ አውራጃው በ2016 ክርክር ላይ ያለ ሒሳብ ያልከፈለ ሰው ውኃው እንዳይቆረጥበት ለጊዜው ለመወሰን ተገዷል። በማርች 7 ቀን 2018 በቢዩፈርድ አውራ ጎዳና ላይ ስፋቱ 48 ኢንች የሆነ ዋና ቧንቧ ሲፈነዳ በአውራጃው ሁሉ የውኃ ግፊት ወደቀ፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። የእነዚህ ሁሉ ዕዳ ተከማችቶ በፌብሩዋሪ 2025 የአውራጃው ኮሚሽን የውኃና የፍሳሽ ዋጋ በየዓመቱ 10 በመቶ ለ10 ዓመት እንዲጨምር አጸደቀ። ጭማሪው በጭማሪ ላይ ስለሚደራረብ ከመጀመሪያው ጭማሪ በፊት 100 ዶላር ይከፍል የነበረ ቤት የፍጆታው መጠን ሳይለወጥ ከአሥረኛው ጭማሪ በኋላ 259 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። አሮጌ ቧንቧ መታደስ እንዳለበት፣ የቧንቧውም ወጪ ሰዎች ውኃ ስለቆጠቡ እንደማይቀንስ እንረዳለን፤ መሥሪያ ቤቱ ጥቂት ውኃ ሲሸጥ በያንዳንዱ ጋሎን ላይ ዋጋ ለመጨመር መገፋቱም ከዚሁ የመጣ ነው። የሚያሳስበን፣ ይህ ሸክም የራሱን ፍጆታ በማያይ ተከራይ ላይ ሲያርፍ የሚያስከትለው ነው፤ ባለቤቱ ሣሩን አድርቆ፣ መጸዳጃውን ለውጦ ከጭማሪው ጥቂቱን ሊያመልጥ ይችላል፤ ተከራዩ ግን ቢቆጥብም ባይቆጥብም ያው ነው፤ ስለዚህ ከጥቂት ዓመት በኋላ የውኃ ቢል ለእርሱ ሁለተኛ የቤት ኪራይ ይሆንበታል።

ያገለገለ ውኃን መልሶ ስለ መጠቀምም የሚነገረው ጥቅሙ ለማን ይደርሳል በሚለው በዚሁ ሚዛን መመዘን አለበት። ልብስ የታጠበበትን እጣቢ ለመጸዳጃ ማፍሰሻ፣ ለወለል ማጠቢያና ለአቧራ ማርከፍከፊያ ማዋልን የአዲስ አበባ እናቶች ከማንም አልተማሩትም፤ ፈረቃው አስተማራቸው። ጆርጂያም ከመታጠቢያና ከልብስ ማጠቢያ የሚወጣውን ውኃ አንድ ቤተሰብ በግቢው ውስጥ እንዲያውለው ትፈቅዳለች፤ የማዕድ ቤቱን እጣቢ ግን አትጨምርም፤ ውኃውም ከግቢው ወሰን እንዳይወጣና ለሚበላ ተክል እንዳይጠጣ ትከለክላለች። በጓሮው ጎመንና ቃሪያ የሚያበቅል ወገናችን ይህን ሊያውቅ ይገባዋል። ዳሩ ግን በሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ተከራይ ቧንቧ ሊቆርጥ አይችልም፤ ጓሮም የለውም፤ ስለዚህ የቤት ውስጡ እጣቢ በዚህ አገር ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ የሚነገርለት ይበልጣል ብለን እንጠረጥራለን።

ትልቁ ሥራ የሚሠራው በከተማ ደረጃ ነው። ከአትላንታ በስተደቡብ ያለው የክሌይተን አውራጃ የተጣራውን ፍሳሽ በተሠሩ ረግረጎች ውስጥ እያሳለፈ ወደ ማጠራቀሚያ ሐይቆቹ ስለሚመልሰው የ2007ቱን ድርቅ ከጎረቤቶቹ በተሻለ ተቋቁሟል። የናሚቢያዋ ዊንድሁክ ከ1968 ጀምሮ ፍሳሿን አጣርታ ትጠጣለች። ዴካልብ ግን ውኃውን ሁሉ ከቻታሁቺ ቀድቶ፣ ከፊሉን በደቡብ በኩል በሳውዝ ሪቨር ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይሰደዋል፤ ይህም ከተወሰደበት ወንዝ ለዘለዓለም የቀረ ውኃ ነው። በአዲስ አበባ የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል፤ ከከተማው በታች በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅለው አትክልት ግን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የተቀላቀለበትን ውኃ እየጠጣ ወደ ገበያ ይመጣል። መልሶ መጠቀም በአገራችን ይጀመር ወይስ አይጀመር ብሎ መከራከር እንግዲህ ዘግይቷል፤ የቀረው ጥያቄ ያጣራው ማን ነው፣ የመረመረውስ ማን ነው የሚለው ነው።

ስለዚህ በስኮትዴል ቤት ለምትከራዩ ወገኖቻችን የምናቀርበው ልመና ይህ ነው፤ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ይህ ቤት የብቻው ንዑስ ቆጣሪ አለውን፣ ወይስ ሒሳቡ በድልድል ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ በድልድል ከሆነ ስሌቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛውን የሚያነብላቸው ለሌላቸው ጎረቤቶቻችሁም በዕድርና በማኅበር አንብቡላቸው። የአውራጃው ኮሚሽን በስብሰባዎቹ ላይ ለሕዝብ የመናገሪያ ጊዜ ይሰጣል፤ የንዑስ ቆጣሪው ግዴታ ወደ አሮጌዎቹ አፓርትመንቶች እንዲደርስ በዚያ ቆሞ መጠየቅ የተከራዩ ፋንታ ነው።