ዝርዝር የለኝም

ይህን ሰፈሬ ባይሰማው ይሻላል።

ባለሱቅ ነኝ። አዲስ አበባ፣ ከአንድ የታክሲ ሰልፍ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማታስቆም የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ አስራ አራት ዓመት ቆሜያለሁ። ዘይት፣ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ዳቦ እሸጣለሁ። ከባንኮኒው ሥር አንዲት የብስኩት ካርቶን አለች፤ አፉ የተከፈተ የኒያላ ፓኮ የሚያድረው እሷ ውስጥ ነው። ከመስኮቱ ፍርግርግ ላይ ደግሞ ላይተር በሲባጎ ታስሮ ተንጠልጥሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሲጃራን በፍሬ መሸጥ ከለከለ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው ደግሞ በፓኮም ቢሆን። ካርቶኗ ከባንኮኒው ላይ ወደ ሥሩ የወረደችው ያን ጊዜ ነው። ላይተሩ እዚያው ቀረ። ስለ ላይተር የጠየቀኝ ተቆጣጣሪ እስካሁን የለም።

በፍሬ መሸጤ ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ላስተባብል አልተነሳሁም። ግን እዚያች መስኮት ላይ የቆመ ሰው ሐኪም ቤት የማይታይ ነገር ያያል፤ ሲጃራ ያቆመ ሰው እንዴት እንደሚመለስ።

ፓኮ ገዝቶ የተመለሰ አላየሁም። ተመላሽ ሁሉ የሚመጣው ለአንድ ፍሬ ነው። አመጣጡም ይለያል። የዘወትር አጫሽ ብሩን ያስቀምጣል፣ «አንድ» ይላል፣ ላይተሩን ሳብ አድርጎ ይለኩሳል፣ ይሄዳል። አቁሞ የከረመው ግን መጀመሪያ ማስቲካ ይገዛል። ማስቲካውን ኪሱ ከትቶም አይሄድም። የእንቁላል ዋጋ ይጠይቃል። «ተወደደ እኮ» ይላል። መንገዱን ግራ ቀኝ ይቃኛል። ከዚያ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው፣ «እስቲ በዚያው አንድ ፍሬ ጣል አድርግልኝ»። «ለጓደኛዬ ነው» የሚልም አለ፤ ጓደኛው የትም አይታይም።

ድሮ ምን አደርግ እንደነበር ልናዘዝ። «ጠፋህ እኮ! በል ይቺ በኔ» ብዬ በነጻ እሰጠው ነበር። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ዛሬ አንዷን በነጻ የወሰደ ሰው በሳምንቱ በቀን አምስት ስድስት እንደሚወስድ የዱቤ ደብተሬ ይመሰክራል። ባለሱቅን የሚጠቅመው 20 ፍሬ የያዘችው ፓኮ ሳትሆን ተፈትታ የምትሸጠው ናት። በ2012 በየፓኮው ላይ 8 ብር ኤክሳይስ ሲጨመር ደግሞ ፓኮ ገዢው ራሱ ወደ ፍሬ ወረደ። በፓኮው ፊትና ጀርባ ከመቶ 70 እጁን የሸፈነውን የማስጠንቀቂያ ሥዕል በፍሬ የሚገዛ ሰው አያየውም። ሥዕሉን በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ።

እኔም አጫሽ ነበርኩ። ባለሱቅ ሲያጨስ ትርፉን ነው የሚያጨሰው፤ ሚስቴ በየወሩ ሒሳብ ስንዘጋ ትነግረኝ ነበር። ያቆምኩት በአንድ ሰኞ ነው፣ ያለ ምንም በሽታ፣ በብስጭት። ካርቶኗ ከእግሬ ሥር እያለች ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚባለውን ያህል ናቸው። ከሲጃራ የገባው ኒኮቲን ግማሹ በሁለት ሰዓት ገደማ ከደም ይወጣል፤ ሰውነት ደግሞ ያጓደሉበትን ቆጥሮ ይጠይቃል። ስኳር አጉድዬ መዘንኩ፣ ለሃያ ብር የመቶ ብር መልስ ሰጠሁ፣ ዳቦ ለመግዛት የመጣ ሕፃን ላይ ጮህኩ። በአራተኛው ቀን ረገብ አለ። ሥቃዩ አለቀ ስል ያልጠበቅኩት ነገር በቡና በኩል መጣ።

ሚስቴ እንደልማዷ አፈላች። አቦል ጠጣሁ፣ ቶናውን ደገምኩ። በረካው ላይ ልቤ ከበሮ ሆነ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሌሊቱን ጣራ ሳይ አደርኩ። ልብ ድካም ነው ብዬ ለራሴ ፈረድኩ፤ «ሲጃራ ሳጨስ ጤነኛ ነበርኩ» የሚለው ሐሳብ የመጣው ያኔ ነው፣ እሱም ከሁሉ የሚከፋው ሐሳብ ነው። ነገሩን የፈታችልኝ ዳቦ የምትገዛኝ ነርስ ናት። የትምባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርገዋል አለችኝ። ጭሱ ሲቆም ጉበቱ ወደ ቀድሞው ዝግታው ይመለሳል፤ ያው የለመድከው ስኒ በደምህ ውስጥ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስንት ሰው «ሲጃራ ማቆም አስጨነቀኝ» እያለ የተመለሰው በቡና ምክንያት ይሆን? እኛ አገር፣ በቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት! ከዚያ በኋላ በአቦል ብቻ አበቃሁ። ሚስቴ አኮረፈች። በረካን ትቶ መነሳት ነውር ነው፤ ግን ከልብ ምቴ ጋር ታረቅኩ።

እጅና አፍስ? እዚህ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ማስቲካንና በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ፕላስተር እ.ኤ.አ. በ2009 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሦስት ፋርማሲ ጠየቅኩ፤ ሦስቱም የሉንም አሉ፣ አንደኛው የሚሸጠው ተራ ማስቲካ ከእኔ ሱቅ በሁለት ብር ይበልጥ ነበር። እኔን ያሻገረኝ መፋቂያ ነው። በሁለት ጣት ይያዛል፣ ከንፈር ላይ ይሰካል፣ ይነከሳል፣ ይተፋል፤ ማንም «ምን ሆነሃል?» አይልም። ለእጅ ከዚህ የተሻለ ማታለያ አላውቅም።

ሰባት ወር ቆየሁ። ከዚያ ወደቅኩ።

የወደቅኩት ለቅሶ ቤት ነው፤ ጎረቤታችን አርፈው። ይህን ስነግራቸው ሰዎች «አይ፣ ሐዘን ነው» ይላሉ። ውሸት ነው። ሲቀበሩ ውዬ አላማረኝም። ሲያለቅሱ አላማረኝም። ሌሊት ድንኳን ውስጥ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ አዳሪዎቹ እንቅልፍ ለማባረር ካርታ አወጡ። አምስት ካርታ እጄ ላይ ሲዘረጋ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ብቻቸውን ተከፈቱ። ባዶ ነበሩ። ከጎኔ ያለው ልጅ ሳልጠይቀው አቀበለኝ። ሐዘኑ አይደለም የጣለኝ፤ ካርታው ነው። ለሰባት ወር ያለ ሲጃራ መኖርን እንጂ ያለ ሲጃራ ካርታ መጫወትን አልተለማመድኩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ማየት ጀመርኩ። የሐራራ ሰዓት በሱቅ መስኮት ይታወቃል። ጠዋት ከማኪያቶ በኋላ። ከምሳ በኋላ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጫት የያዙት። ማታ አንድ ሰዓት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆሙት። ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ከድራፍት ብቅ የሚሉት፤ እነዚህ አቁመው የነበሩ እንደሆነ እንኳ ትዝ አይላቸውም። ችግር ገጥሞት የመጣ በጣት ይቆጠራል። ብዙው የመጣው አንድ የለመደው ቦታ ላይ፣ በለመደው ሰዓት፣ ከለመደው ሰው ጋር ስለተገናኘ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገር። በአገራችን ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ አዋቂ አምስት ገደማ ነው። ይህ ማለት አጫሹ በዘመዶቹ መሃል ብቻውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ትጠየፈዋለች፤ እናቴ ትምባሆ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ብላ ታምናለች። ስለዚህ ይደበቃል። ሎሚ ልጣጭ የሚያኝክ አለ፣ ጃኬቱን እኔ ጋ አስቀምጦ በሸሚዝ የሚያጨስ አለ። ሴቶቹ ደንበኞቼ ስልክ ይደውላሉ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ከዳቦ ጋር አቀብላቸዋለሁ። ታዲያ የተደበቀ ሰው ሲያቆምም ተደብቆ ነው። ለእናትህ «አቆምኩ» ብትል መልሷ «መቼ ጀመርክ?» ነው። እንኳን ደስ ያለህ የሚል የለም፣ ብትወድቅም የሚያዝን የለም። ሁለት ሳምንት ያለ ሲጃራ ማለፍህን የሚያውቅ ባለሱቁ ብቻ ነው። እሱም ነጋዴ ነው።

አንድ መምህር ደንበኛ አሉኝ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳው። አንድ ቀን ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ገዝተው፣ «ከነገ ጀምሮ ብለምንህ እንዳትሸጥልኝ» አሉኝ። በነጋታው አንድ ሰዓት ላይ መጡ። የመቶ ብር ኖት ዘረጉ።

«አንድ።»

«ጋሼ፣ ትናንት እኮ…»

«ትናንት ትናንት ነው። ስጠኝ አልኩህ!»

ከእሳቸው ጋር መጣላት አልቻልኩም፤ ልጄን ያስተማሩ ሰው ናቸው። መስጠትም ከበደኝ። አፌ ላይ የመጣው፣ «ዝርዝር የለኝም ጋሼ፣ ይቆዩ ላስዘርዝር» የሚል ነው። መሳቢያው በአምስትና በአስር ብር ሞልቶ ነበር። ብሩን ይዤ ወደ ሥጋ ቤቱ ሄድኩ፣ ከሥጋ ቤቱ ወደ ጸጉር ቤቱ፣ ከሰው ጋር ሰላምታ ተለዋወጥኩ፣ የሰውን ልጆች ደኅንነት ጠየቅኩ። ሐራራ ሲመጣ መቼም የማይሄድ መስሎ ነው የሚመጣው፤ ዕድሜው ግን የደቂቃዎች ነው። ስመለስ መምህሩ የዳቦ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ይጨቃጨቃሉ። ዝርዝሩን ሰጠኋቸው። ቆጠሩት። «ሁለት ዳቦ ስጠኝ» አሉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ያቆሙ ሁሉ እኔ ጋ ሲመጡ ዝርዝር ይጠፋል። ለአንዱ አስር ደቂቃ ጠፍቶ ያውቃል። ሁሉም አይቆይልኝም፤ ቀጥሎ ያለው ሱቅ አምስት እርምጃ ነው፣ እዚያም ካርቶን አለ። ዘዴውን የገደለብኝ ደግሞ በ2013 የመጣው ቴሌብር ነው። ወጣቶቹ ስልካቸውን ነካ ያደርጋሉ፣ ጢን ይላል፣ አለቀ። እሺ ምን ልበል? «መልእክቱ አልገባልኝም፣ ኔትወርክ ይሆናል» እላለሁ። ኔትወርክ መጥፋቱን የሚጠራጠር ሰው ደግሞ የለም።

እኔ ራሴ ከለቅሶ ቤቱ በኋላ እንደገና አቁሜያለሁ። ካርታ ሲወጣ መፋቂያዬን አወጣለሁ።

ባለፈው ሐሙስ መምህሩ መጡ። ማታ አንድ ሰዓት፣ ዝናብ ያካፋል። ማስቲካ አልጠየቁም፣ እንቁላል ስንት ገባ አላሉም። መቶ ብራቸውን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው በጃቸው ተጫኑት። ላይተሩን አዩት። ከዚያ የዳቦ ሳጥኑን ወደ ጥላው ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

«በል እንግዲህ» አሉኝ፣ «ዝርዝር ፈልግልኝ።»

ጃንጥላዬን አነሳሁና ወጣሁ። ሥጋ ቤቱን አልፌ ሄድኩ።