የአእምሮ ሕመም ሕክምና አለው

አንድ ሰው የሌለ ድምፅ ይሰማል። ብቻውን ያወራል። ጎረቤቱን «ሊገድለኝ ነው» ይላል። እኛም «ሰይጣን ሰፈረበት» እንላለን፤ አንዳንዴም በሰንሰለት እናስረዋለን። ነገሩ ግን በሽታ ነው። ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ ይሉታል።

የአእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ይህን በሽታ በገጠር አጥንተዋል። ሕመምተኛው ሐኪም ቤት እስኪመጣ አልጠበቁም። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጉራጌ አገር፣ በቡታጅራና በዙሪያዋ፣ ቤት ለቤት ጥናት አካሄዱ። 68,378 ሰዎች ተጠየቁ። 321 ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ ተገኘባቸው። ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ ማለት ነው። ከእነዚህ ሕመምተኞች ቀድሞ የበሽታውን መድኃኒት ያገኙት ከአሥር አንድ አይሞሉም ነበር። በሽታው ገጠር አለ፤ መድኃኒቱ ግን አልደረሰም ነበር።

ተመራማሪዎቹ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታተሉ። ብዙዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ሞቱ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ለካስ «ያበደ ሰው» የምንለውም ያስለዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ይርበዋል። ማን አየለት?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሰንሰለቱን ትተን ሕመምተኛውን ጤና ጣቢያ እንውሰደው። መድኃኒቱ ድምፁንና ፍርሃቱን ያበርድለታል። ሻል ሲለው ሐኪም ሳያዝ አያቋርጥ። ጠበል ቢሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ምግቡንም አንርሳበት። ሰው ነውና ከሰው አንለየው።