ደረቅ በረዶ፦ ጠባዩ፣ አከማቸቱና አላላኩ

ደረቅ በረዶ ከውሃ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ሰው ሲተነፍስ የሚያወጣው፣ ለለስላሳ መጠጥም አረፋውን የሚሰጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በብርቱ ቅዝቃዜ ጠጥሮ የሚገኝበት መልክ ነው። የውሃ በረዶ ቀልጦ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ ወደ ትነት ሲለወጥ፣ ጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ግፊቱ ከተለመደው የአየር ግፊት ከ5 ጊዜ በላይ ካልሆነ በስተቀር ፈሳሽ ሊሆን ስለማይችል፣ ሳይቀልጥ በቀጥታ ይተናል። ይህ ለውጥ በባሕር ጠለል ከፍታ ከዜሮ በታች በ78.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚከናወን ሲሆን፣ እንደ አዲስ አበባ ባሉ አየሩ በሳሳባቸው ከፍተኛ ቦታዎች መጠኑ 3 ዲግሪ ያህል ይበልጥ ዝቅ ይላል።

ጠጣሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1835 ፈረንሳዊው ቲሎርየ ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው ግን ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ በአሜሪካ ነው። የአሠራሩ መሠረት ዛሬም አልተለወጠም፤ በግፊት ታምቆ የቆየ ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድንገት ሲለቀቅ፣ ከፊሉ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከቀረው ላይ ስለሚወስድ የቀረው ወደ ነጭ ብናኝ ይለወጣል፤ ብናኙም በመጭመቂያ ተጠቅጥቆ ትልልቅ ብሎክ ወይም አጫጭር እንክብል ይሆናል። 1 ኪሎ ግራም ደረቅ በረዶ ተንኖ እስኪያልቅ 570 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይወስዳል፤ ያው መጠን ያለው የውሃ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ግን 334 ብቻ ነው። የመብራት ኃይል ሳይፈልግ፣ ውሃም ሳያንጠባጥብ ይህን ያህል የሚያቀዘቅዝ ነገር በቀላሉ ስለማይገኝ፣ የቀዘቀዘ ሥጋና ዓሣ፣ የደምና የሕዋስ ናሙና፣ አንዳንድ ክትባቶችም በእሱ ታጅበው ይጓዛሉ። ፋይዘርና ባዮንቴክ ያዘጋጁት የኮቪድ-19 ክትባት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲፈቀድ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ገደማ ሆኖ መቆየት ስለነበረበት፣ የተሠራጨው በደረቅ በረዶ በተሞሉ ሳጥኖች ነበር።

ይህን ዕቃ በእጁ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ቅዝቃዜውን ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው፤ በባዶ እጅ የተያዘ ቁራጭ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል። ሆኖም ጉዳቱ ወዲያው ስለሚሰማ ሰው እጁን ይሰበስባል፤ ወፍራም ጓንት፣ መቆንጠጫና የዓይን መከላከያ መነጽርም አደጋውን ያስቀራሉ። ሰው የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው። 1 ኪሎ ግራም ደረቅ በረዶ ሲተን 540 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ወርዱና ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር በሆነ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ 10 ኪሎ ግራም ተንኖ ቢያልቅና አየሩ ባይለወጥ፣ ከክፍሉ አየር አንድ አምስተኛው ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በተለመደው አየር ውስጥ ድርሻው 0.04 በመቶ ብቻ የሆነው ይህ ጋዝ 3 በመቶ ሲደርስ ትንፋሽ ያፋጥናል፣ ራስን ያሳምማል፤ 4 በመቶ ሲደርስ ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ተብሎ ይመደባል፤ 10 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ያስታል።

ብዙዎች ጋዙ የሚጎዳው ኦክስጅንን ገፍቶ ስለሚያስወጣ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ይህ ግምት አሳሳች ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ሲበዛ የደሙን አሲድነት ስለሚጨምር፣ በቂ ኦክስጅን እያለም ይመርዛል። የጋዙ ድርሻ 4 በመቶ በደረሰበት ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑ ከ20.9 ወደ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚወርድ፣ የኦክስጅን መለኪያ የተሰቀለበት ክፍል ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደረቅ በረዶ በሚከማችበት ቦታ የሚያስፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ራሱን የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ጋዙ ከአየር በአንድ ተኩል እጥፍ ስለሚከብድና ወለሉ ላይ ስለሚተኛ፣ መሣሪያውም ዝቅ ብሎ መሰቀል አለበት። የክብደቱን ትርጉም እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1986 በካሜሩን የደረሰው እልቂት አሳይቷል፤ ከኒዮስ ሐይቅ ጥልቀት በድንገት የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሸለቆው ቁልቁል እየፈሰሰ 1,700 ያህል ሰዎችን ገድሏል። ታፍኖ በቆየ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ሰው ተዝለፍልፎ የሚወድቀውም እህሉ እየተነፈሰ ባጠራቀመው በዚሁ ጋዝ ነው።

ደረቅ በረዶ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚነሣው ነጭ ጉም ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም፤ በቅዝቃዜው የተጠራቀመ የውሃ ጠብታ ነው። ጉሙ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በሞስኮ በተደረገ ግብዣ ላይ ለጉሙ ውበት ሲባል ብዙ ደረቅ በረዶ በቤት ውስጥ መዋኛ ገንዳ ተጨምሮ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ውሃ ትነቱን እጅግ ስለሚያፋጥነው፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ለማስዋቢያ እንዲህ መጠቀም በምንም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም።

የአከማቸት ደንብ ሁሉ የሚመነጨው ጋዙ መውጫ ሊኖረው ይገባል ከሚለው ከአንዱ መርሕ ነው። ተስማሚው ዕቃ ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ የሚገጠም የፎም ሳጥን ሲሆን፣ በተለመደ ሳጥን ውስጥ በ24 ሰዓት ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ተንኖ ይጠፋል። ክዳኑ በሚጠብቅ ፔርሙስ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም በታሸገ ቱቦ ውስጥ ከገባ ግን ግፊቱ ዕቃውን እስኪያፈነዳው ድረስ ይጨምራል። የቤት ፍሪዘርም መፍትሔ አይሆንም፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ የሆነው ቅዝቃዜው ትነቱን ስለማይገታው ጋዙ እዚያው ይጠራቀማል። ሳጥኑ ምድር ቤት፣ ጉድጓድ ውስጥ ወይም ሰው በሚተኛበት ክፍል አይቀመጥም። በመኪና ሲጫን ከተሳፋሪው ክፍል ተለይቶ መሆን አለበት፤ ይህ ካልተቻለ መስኮቶቹ ተከፍተው መጓዝ ያስፈልጋል፤ የትንሽ መኪና ውስጣዊ ስፋት 3 ሜትር ኪዩብ ያህል ብቻ በመሆኑ 1 ኪሎ ግራም እንኳ ተንኖ ካለቀ በአየሩ ውስጥ የጋዙን ድርሻ ከ10 በመቶ በላይ ሊያደርሰው ይችላልና።

በአየር ሲላክ ደረቅ በረዶ ከአደገኛ ዕቃዎች ይመደባል፤ መለያ ቁጥሩ ዩኤን 1845፣ ምድቡም 9ኛ ነው። በሳጥኑ ላይ ስሙ፣ ቁጥሩና በኪሎ ግራም የተገለጸው የደረቅ በረዶው የተጣራ ክብደት ይጻፋል፤ የላይኛው ግማሹ በ7 ጥቁር ቁም መስመሮች የተሸነተረው የ9ኛው ምድብ ምልክትም ይለጠፋል። ለምሳሌ ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ናሙና ሲላክ፣ ናሙናው ፈሳሽ በማያሳልፍ ዕቃ ታሽጎ ከደረቅ በረዶው ተለይቶ ይቀመጣል፤ በረዶው በዚህ ዕቃ ዙሪያና በላዩ ይሞላል፤ በረዶው እየተነነ ሲሄድ ናሙናው እንዳይንከባለል መደገፊያ ይደረግለታል። የናሙናው ብልቃጥ በደንብ ካልተገጠመ ጋዙ ገብቶ ናሙናውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ካርቶኑ ዙሪያውን በፕላስተር ከታፈነ ደግሞ ሳጥኑ ያብጣል። በጉምሩክና በመሸጋገሪያ አየር ማረፊያ የሚጠፋው ጊዜ ከበረራው ሊበልጥ ስለሚችል፣ የበረዶው መጠን የሚሰላው በበረራው ሰዓት ሳይሆን ከሚጠበቀው አጠቃላይ ጊዜ ቢያንስ አንድ ቀን ተጨምሮበት ነው። የመንገደኛ ድርሻ ለአንድ ሰው 2.5 ኪሎ ግራም ብቻ ሲሆን፣ እሱም በአየር መንገዱ ፈቃድ ነው።

የተረፈው ደረቅ በረዶ ሰውና እንስሳ በማይደርሱበት ግልጥ ቦታ ተንኖ እንዲያልቅ ይተዋል እንጂ በእጅ መታጠቢያ ወይም በቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም፤ ቅዝቃዜው ቧንቧውን ይሰነጥቃልና። ከሁሉም በላይ በየመጋዘኑና በየላቦራቶሪው በጉልህ ሊለጠፍ የሚገባው የመጨረሻው ደንብ የሚከተለው ነው፤ ደረቅ በረዶ ባለበት ክፍል ውስጥ ወድቆ የተገኘን ሰው ለማዳን ማንም ሰው ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ሮጦ አይግባ፤ በሮቹን ከውጭ ከፍቶ አየር ያስገባ፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችንም ይጥራ።