ጠርዙን ማየት

ፊልሙ ከማጠቢያ ታንኩ ወጥቶ ወደ ብርሃን ሲያዩት ባዶ ነው። ሰው ወዲያው ካሜራውን ይጠረጥራል። ከዚያ በፊት ግን ጠርዙን ማየት ይበጃል። ፋብሪካው ያሰፈራቸው ቁጥሮች ጠቁረው ከወጡ ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሠርቷል፤ ፎቶ አልተነሳበትም ወይም ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልዞረም ማለት ነው። ቁጥሮቹም ከሌሉ ጥፋቱ የአጣቢው ነው፦ ዴቨሎፐሩ አርጅቷል፣ አለዚያም ፊክሰሩ (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ቀድሞ ገብቷል።

ቋራ ወረዳ፣ ገለጉ ላይ ቤቱ ፊልም ለሚያጥብ ሰው ዋናው ፈተና ሙቀት ነው። ለጥቁርና ነጭ ፊልም የተለመደው መነሻ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በምዕራብ ጎንደር ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ከ40 ሊያልፍ ይችላል። ዴቨሎፐር ደግሞ ሲሞቅ ይፈጥናል። ኤችፒ5 የተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ዲ-76 የተባለው ዴቨሎፐር በእኩል ውሃ ቀጥኖ፣ በ24 ዲግሪ የሚፈልገው ጊዜ በ20 ከሚፈልገው ያንሳል። ጊዜው ከ5 ደቂቃ ካነሰ ምስሉ ዥንጉርጉር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለቆላ ሰው ጊዜውን የሚያስረዝመው የቀጠነው ዴቨሎፐር ይሻላል።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚጎዳው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ምስሉን የያዘው ጄላቲን በሞቀ ኬሚካል ያብጣል፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ይህ አይጠገንም። ዴቨሎፐሩ፣ ፊክሰሩና ማለቅለቂያው ቀድመው አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ ቢቀመጡ እኩል ይሆናሉ። ለሳፋው ደግሞ ሌሊቱን በእንስራ ያደረ ውሃ ግሩም ነው፤ ሸክላው ሲያዥና እርጥበቱ ሲተን ውሃውን ያቀዘቅዘዋል።

ላብም ጠላት ነው። በጨለማ ከረጢት ውስጥ እጅ ሲረጥብ ፊልሙ መጠቅለያው (ሪሉ) ላይ ይጣበቃል፤ በግድ ሲገፉት ይታጠፍና የግማሽ ጨረቃ ምልክት ይቀርበታል። ወተት የመሰለ ፊልም ግን አያስደነግጥ፦ ፊክሰር አንሶታል፤ አዲስ ፊክሰር ተበጥብጦ ፊልሙ ተመልሶ ቢገባበት ይጠራል።

በአገራችን ከቤተ ሙከራ ርቆ ፎቶ ማጠብ አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር መቅደላ የደረሱት እንግሊዛውያን መሐንዲሶች ካሜራና ኬሚካል ተሸክመው ነበር። በዘመኑ በተለመደው ዘዴ ምስሉ የሚነሳበት መስታወት ሳይደርቅ እዚያው መታጠብ ነበረበት። ቀድሞ የቋራው ካሳ ይባሉ የነበሩት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁም በዚያ ዘመቻ ፎቶ ተነስቷል።

ወደ ቤቱ ሥራ ስንመለስ፣ የቀረው ማድረቅ ነው። እርጥብ ጄላቲን ላይ ያረፈ አቧራ አብሮ ይደርቃል። ምሽት፣ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ወለሉ ላይ ውሃ ይረጫል፤ በሩ ይዘጋል፤ ፊልሙ ከታች በልብስ መቆንጠጫ ተወጥሮ ይሰቀላል፤ እስኪነጋም ማንም አይገባም።