ክፍት ኮምፒዩተር በተማሪ እጅ፦ የኤክስኦ ላፕቶፕ አሠራርና የገጽታው ችግሮች

ለተማሪ የሚሆን አነስተኛ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ «ክፍት ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ያለ ዋጋ የሚገኝ መሆኑ ነው። ቃሉ ግን የሚያመለክተው ዋጋን ሳይሆን መብትን ነው። ማንም ሰው የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና ያሻሻለውን ለሌላው እንዲያድል ይፈቀድለታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ፈቃድ መኖሩና በፈቃዱ የሚሠራ ሰው መኖሩ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ይህ ልዩነት በትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስከትል በጉልህ ያሳየው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተባለው ድርጅት የተዘጋጀው ኤክስኦ ላፕቶፕ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡን በጃንዋሪ 2005 በዳቮስ ያስተዋወቁት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ የነበሩት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ሲሆኑ፣ የአንዱ ላፕቶፕ ዋጋ 100 ዶላር እንዲሆን ታቅዶ ነበር። በኖቬምበር 2007 በፋብሪካ በብዛት መሠራት ሲጀምር ግን ዋጋው ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር። የማስታወሻው አቅም 256 ሜጋባይት፣ የማከማቻው ደግሞ 1 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ በዘመኑ በገበያ ላይ ከነበሩት ኮምፒዩተሮች ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነበር። በሌላ በኩል በጠራራ ፀሐይ የሚነበብ ስክሪንና አቧራ የማያስገባ የጎማ የቁልፍ ገበታ ነበረው። በውስጡም ትርፍ ብሎኖች ተቀምጠውለታል፤ ይህም ተማሪው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ የተደረገ ነው። እንዲህ ያለ አርቆ ማሰብ በመማሪያ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም።

የመጀመሪያው ችግር የተነሣው ከመሣሪያው ሥር ነው። ኤክስኦ ተማሪው አንድ ገጽ በሚያነብበት ጊዜ ዋናው ቺፕ እንዲተኛ፣ ምስሉ ግን በስክሪኑ ላይ እንዲቆይ ሆኖ የተነደፈ ነበር። ኤሌክትሪክ በማያስተማምንበት ትምህርት ቤት ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ይሁንና መተኛቱና መንቃቱ በትክክል እንዲፈጸም ባትሪውንና የቁልፍ ገበታውን የሚቆጣጠረው ትንሽ ቺፕ፣ እንዲሁም የገመድ አልባ መገናኛው ቺፕ አብረው መሥራት ነበረባቸው። የሁለቱ ቺፖች ውስጣዊ ፕሮግራም ደግሞ የአምራቾቹ ምስጢር ነበር። ስለሆነም ከላይ ያለውን ፕሮግራም መስመር በመስመር ማንበብ የሚችሉት ባለሙያዎች እንከኑ ከተዘጋው ክፍል ሲደርስ የአምራቹን መልካም ፈቃድ ከመጠበቅ በቀር አማራጭ አልነበራቸውም። ኃይል የመቆጠቡ ተስፋ ላፕቶፑ መታደል ከጀመረ በኋላም በሚፈለገው ደረጃ ሳይሟላ ብዙ ጊዜ አለፈ። ላፕቶፖቹ ያለ ማእከል እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት መረብም በዚሁ በተዘጋው የመገናኛ ቺፕ ላይ የተመሠረተ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ላፕቶፖች ሲከፈቱ መረቡ ይጨናነቅ ስለ ነበር፣ በኋላ የወጣው ኤክስኦ 1.5 ይህን ዓይነቱን መረብ አልያዘም።

በስልክ ረገድ ችግሩ የባሰ ነው። በ2008 በታይዋን የወጣው ኦፕንሞኮ ኒዮ ፍሪራነር የተባለው ስልክ የአካሉ ንድፍ ሳይቀር ለሕዝብ ይፋ የሆነ ነበር፤ ከስልክ አውታር ጋር የሚያገናኘው ክፍል ግን እንደ ሌሎቹ ስልኮች ሁሉ ዝግ ነበር። በዚህ ላይ የገጽታው መሠረት በ2007 እና በ2008 መካከል ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ በመለወጡ፣ ቀደም ብሎ የተደከመበት ሥራ እንደገና ተጀመረ። በ2009 ኩባንያው ቀጣዩን ስልክ መሥራት አቆመ።

ወደ ኤክስኦ ሲመለሱ፣ ለመምህሩ ይበልጥ የሚያሳስበው ገጽታው፣ ማለትም ተጠቃሚው ከመሣሪያው ጋር የሚገናኝበት የስክሪኑ ሥርዓት ነው። ሹገር የሚባለው ይህ ገጽታ የቢሮ ኮምፒዩተርን አልተከተለም። መስኮትና ማኅደር የለውም፤ አንድ ሥራ ሲከፈት ስክሪኑን በሙሉ ይይዛል። ተማሪው ከራሱ ሥራ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ጓደኞቹ፣ ከጓደኞቹም ወደ ሰፈሩ እየሰፋ በሚሄድ እይታ ይመላለሳል። «አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝም አያስፈልግም፤ የተሠራው ሁሉ በራሱ እየተመዘገበ በዕለት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ንድፉ በሕፃን ዓይን የታየ በመሆኑ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሕፃኑ አንድ ጊዜ ከፍቶ የዘጋው ሥራ ሁሉ ስለሚመዘገብ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መምህሩ «የትናንቱን ጽሑፍ አውጡ» ሲል ተማሪዎቹ ከረጅም ዝርዝር ውስጥ ሲፈልጉ ክፍለ ጊዜው ይባክናል። በመጀመሪያዎቹ የፕሮግራሙ እትሞች ደግሞ ማከማቻው ሲሞላ ላፕቶፑ ጭራሹን መነሣት እምቢ የሚልበት ጊዜ ነበር። ሥራዎቹ የተጻፉበት የፕሮግራም ቋንቋ ለመማርና ለማሻሻል የሚመች ሆኖ ሳለ በደካማው ቺፕ ላይ አዝጋሚ ስለ ነበር፣ አንድ ሥራ እስኪከፈት መጠበቅ ግድ ነበር። አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል እንዲህ ያለው መጠበቅ የሥርዓት መጓደልን እንደሚያስከትል ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

በቁልፍ ገበታው ላይ የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ የሚያሳይ ቁልፍም ተዘጋጅቶ ነበር። የሐሳቡ አመንጪዎች ከምንም በላይ የተመኩበት እርሱን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያው ዘመን ቁልፉ የሚሠራው በጥቂት ሥራዎች ላይ ብቻ ነበር። በሚሠራበትም ቦታ ለልጁ የሚታየው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ለኢትዮጵያ በቀጥታ የሚመለከት ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት ከሰባት መልኮቻቸው ጋር 231 ሲሆኑ፣ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ያልፋል፤ በአንድ የቁልፍ ገበታ ላይ የሚገኙት የፊደል ቁልፎች ግን ከሃምሳ አይበልጡም። ስለዚህ ጸሐፊው መጀመሪያ ተነባቢውን፣ ቀጥሎም አናባቢውን እየመታ አንዱን ፊደል በሁለት ምት ያወጣዋል። ለኤክስኦ የአማርኛ ፊደል የታተመበት የቁልፍ ገበታ ተሠርቶለት ነበር። የስክሪኑን ቃላት መተርጐም ግን የተለየ ሥራ ነው። ያልተተረጐመ ቃል በእንግሊዝኛ ስለሚታይ፣ ትርጉሙ ባልተሟላበት ገጽ ላይ ሁለት ቋንቋ ተደባልቆ ይገኛል። አዲስ እትም በወጣ ቁጥርም አዳዲስ ቃላት ስለሚጨመሩ ትርጉሙ እንደገና ጐደሎ ይሆናል። የተርጓሚው ሥራ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚያበቃ አለመሆኑ በእቅድ ሰነዶች ላይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በኢትዮጵያ ከ2008 ጀምሮ ወደ 5,000 የሚጠጉ ኤክስኦዎች በጥቂት ትምህርት ቤቶች ታድለዋል። ሹገር የተነደፈው ልጁ በራሱ ፍላጎት እየመረመረ እንዲማር ነው፤ የክፍሉ ትምህርት ግን የሚመራው በመማሪያ መጽሐፍና በሰሌዳ ነበር። ይህን ክፍተት ለማጥበብ መማሪያ መጻሕፍትን በላፕቶፑ ላይ የሚያስነብብ ፕሮግራም ተጨመረ። የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ላፕቶፑን ያገኙ ልጆች በማመሳሰልና በመመደብ በሚለካው ረቂቅ አስተሳሰብ ካላገኙት በልጠው እንደ ተገኙ ገልጸዋል። በዚያው ዓመት በፔሩ 319 ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገው የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናት ግን በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ሁለቱ ጥናቶች የለኩት አንድ ዓይነት ነገር ባለመሆኑ እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ ማለት አይቻልም።

አንድ መምህር በስክሪኑ ላይ የተሳሳተ የአማርኛ ቃል ቢያገኝ በሕግ የማረም መብት አለው። ነገር ግን በብዛት የታደሉት ላፕቶፖች ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ድርጅቱ ያላጸደቀውን የመሠረት ፕሮግራም እንዳይቀበሉ ሆነው የተቈለፉ ነበሩ። የመሠረቱን ፕሮግራም ለመለወጥ የፈለገ ሰው ለየአንዳንዱ ላፕቶፕ መክፈቻ ቁጥር በኢንተርኔት መጠየቅ ነበረበት። ቁጥሩ ቢገኝ እንኳ ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት አዲሱን እትም በትንሽ ተንቀሳቃሽ ማከማቻ ይዞ ላፕቶፖቹን አንድ በአንድ ማዳረስ የግድ ነበር።

ኡራጓይ ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች ከጅምሩ በበጀቷ ውስጥ አስገብታቸዋለች። ሴይባል የሚባለው እቅድ በ2007 ካርዳል በምትባል አነስተኛ ከተማ ተጀምሮ በኦክቶበር 2009 የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሁሉ አዳረሰ። ላፕቶፑ ራሱ ወደ 200 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ኃላፊዎቹ በዚያን ጊዜ እንደ ገለጹት ጥገናው፣ የመምህራኑ ሥልጠናና የኢንተርኔቱ መስመር ሲጨመርበት የአንድ ተማሪ ወጪ 260 ዶላር ደርሷል። ከዚያም በኋላ ሥራው እንዳይቋረጥ ለእያንዳንዱ ተማሪ በየዓመቱ 21 ዶላር ያስፈልግ ነበር።